የጠባቂው ዕዳ፤ ስለ ተራራ መናድና ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ወራት ዘመነ ክረምት ይባላል። በዚህ ወራት መዘምራኑ ስለ ዘርና ስለ ደመና፥ ስለ መብረቅና ስለ ነጐድጓድ፥ ስለ ባሕርና ስለ አፍላግ የተሠራውን የያሬድን ዜማ እያደረሱ ሁሉን በጊዜው የሚያደርገውን ፈጣሪ ያመሰግናሉ። ዝናም ቢዘገይ ምሕላ እንይዛለን፤ በወረደም ጊዜ ምድር ረክታ ሰውና እንስሳ እንዲጠግቡ ተስፋ እናደርጋለን። ዝናም በረከት ለመሆኑ ገበሬውን ጠይቆ መረዳት ይበቃል። ዳሩ ግን በሜዳው እህል የሚያበቅለው ያው ዝናም የተዳፋቱን አፈር አላልቶ ከነድንጋዩ በቤትና በሰው ላይ የሚያወርድበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት ምልክቱን ማወቅ የሚቻል ከሆነ፥ ያወቀው ሰው ላላወቀው ወንድሙ ምን ዕዳ አለበት? የሰማውስ ምን ማድረግ ይገባዋል? ጥያቄው የምድርን ጠባይ ለሚመረምሩ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሰው ነፍስ ያለችበት ነገር ነውና ካህኑንም ምእመኑንም ይመለከታል።

በቅርብ ዘመን በአገራችን የሆነውን እናስታውስ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 14 ቀን እሑድ፥ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከባድ ዝናም ጣለ፤ ከተዳፋቱ የተናደውም አፈር በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ። በማግሥቱ ሰኞ ጎረቤቱና ዘመዱ፥ የቀበሌው ሹማምንት፥ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ሳይቀሩ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰበሰቡ። እነርሱ በመቈፈር ላይ ሳሉ ተራራው ሁለተኛ ተናደና አዳኞቹን በተቀበሩት ላይ ደረበ። በዚያው ሳምንት የተነገረው የሟቾች ቍጥር ከ250 በላይ ነበረ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሞቱት ወንድማቸውን ለማዳን በመጡበት በሁለተኛው ናዳ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀ።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ጊዜ ከአንዳንድ ሰው አፍ የሚወጣ አንድ ክፉ ቃል አለ፤ ይኸውም «ምን ኀጢአት ቢሠሩ ነው?» የሚለው ነው። ጌታችን ይህን አሳብ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ ፲፫ ዘግቶታል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ነገር አንሥቶ፥ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረዳ፤ ሰሚዎቹንም የሟቾቹን በደል ከመመርመር ወደ ገዛ ራሳቸው ንስሓ መለሳቸው። ሟቹን መክሰስ ለሕያዉ የሚመቸው ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ ከዕዳ ነፃ የሚያወጣው ስለሚመስለው ነው። ጥፋቱ የሟቹ ኀጢአት ብቻ ከሆነ፥ አይቶ ዝም ያለ ሰው አይጠየቅምና። እኛ ግን እንዲህ ባለ ጥግ ልንሸሸግ አይገባንም።

እንግዲህ ተራራው ስለ ምን ይናዳል ቢሉ ነገሩ እንዲህ ነው። በተዳፋት ላይ ያለ አፈር በክብደቱ ምክንያት ሁልጊዜ ወደ ታች ይሳባል። ይዞ የሚያቆመው ቅንጣቱ ከቅንጣቱ ጋራ መያያዙና መፋተጉ ነው፤ የዛፍና የቍጥቋጦ ሥርም እንደ ገመድ ሆኖ ያስረዋል። ዝናም በጣለ ጊዜ ውሃው በአፈሩ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላዋል። ያን ጊዜ አፈሩ ይከብዳል፤ ይልቁንም በውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ቅንጣቱን ከቅንጣቱ እየገፋ መያያዙን ያላላዋል። የሚስበው ኀይል ከሚይዘው ኀይል በበለጠባት ሰዓት ትናንት ጸንቶ የነበረው ተዳፋት ይናዳል። ዛፉ የተመነጠረ እንደ ሆነ፥ የተዳፋቱም ግርጌ ለመንገድ ወይም ለቤት ተቈርጦ እንደ ሆነ፥ ወይም የጎርፍ መውረጃው ተበላሽቶ ውሃው ወደ ተዳፋቱ ሆድ የሚገባ እንደ ሆነ ነገሩ ይፋጠናል። እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ድንጋይ ብዙ ዘመን እየፈረሰ የተገኘው የደጋችን ወፍራም አፈር ለዚህ ነገር በጣም የተጋለጠ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፥ ተራራውን የሚያወርደው የዚያች ቀን ዝናም ብቻ አለመሆኑን ነው። ሞልቶ የቆየ ጋን አንድ ጣሳ ቢጨምሩበት እንደሚፈስ፥ ለብዙ ቀን ውሃ ሲጠጣ የሰነበተ ተዳፋትም ቀድሞ ሊሸከመው ይችል በነበረ ዝናም ይናዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በወንዝ ማዶ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተሰለፉት ሊቃውንት የዕለቱን ዝናም ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ቀናት ዝናም ጭምር ይሰፍራሉ፤ ከዚያም ለየአገሩ አፈር የሚስማማ ልክ ወስነው፥ ዝናሙ ወደዚያ ልክ ሲቀርብ ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ያስታውቃሉ።

መሣሪያ በሌለበት አገርም ቢሆን ተራራው ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። በተዳፋቱ ራስ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል፤ ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎችና የአጥር እንጨቶች ይዘምማሉ፤ የቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ በደኅና ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ይላል። ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ይፈልቃል፤ የነበረውም ይደርቃል ወይም ይደፈርሳል። ዝናም እየጣለ የወንዙ ውሃ በድንገት ያነሰ እንደ ሆነ ከላይ ናዳ ዘግቶት ይሆናልና ቶሎ መሸሽ ይገባል። ከተራራው ውስጥ የድንጋይ መንኰታኰት ወይም የዛፍ መሰበር ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ ደግሞ ለመመካከር ጊዜ የለም። በሰሜን ሸዋ በደብረ ሲና አካባቢ በ1998 ዓ.ም. መባቻ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱና ከእርሻው ተፈናቅሏል። በዚያና ያንን በመሰለ አገር የሚኖሩ ሰዎች እነዚህን ምልክቶች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያውቋቸዋል። ይህን ማወቅም ጥንቈላ አይደለም። ጌታችን ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው የሰማዩን መልክ አይተው የነገውን ስለ ለዩ አይደለም፤ ይህን መለየት እያወቁ የሚበልጠውን ምልክት ባለማስተዋላቸው ነው።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ ፴፫ አንዲት አገር ከሰዎቿ መካከል መርጣ ስለምታቆመው ጠባቂ ይናገራል። ጠባቂው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት ሳይነፋ ቢቀር፥ የጠፋው ሰው ደም ከእርሱ እጅ ይፈለጋል፤ ነፍቶ ሳለ የሰማው ቸል ቢል ግን ደሙ በሰሚው ራስ ላይ ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ቃል ሁለት ዕዳ አለ፤ አንዱ የሚያየው ሰው ዕዳ፥ ሁለተኛው የሚሰማው ሰው ዕዳ ነው። ሦስተኛ ዕዳ ደግሞ አለ፤ እርሱን ኋላ እናመጣዋለን።

የሚያየው ሰው ዕዳ ከባድ የሚሆነው ስለ ምንድር ነው? እርግጠኛ ሳይሆን መናገር ስለሚገባው ነው። ዝናሙን የሚሰፍር ሰው ተራራው በዚህ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይወርዳል ብሎ መማል አይችልም። ቢናገርና ተራራው ባይወርድ ሕዝቡ ይስቅበታል፤ ከብቱን ነድቶ በዝናም የወጣውም ገበሬ ይቈጣዋል። ዝም ቢልና ቢወርድ ግን የሚያፍርበት ሰው እንኳ አይተርፍም። ከሁለቱ የትኛውን ይምረጥ?

መልሱን ከነቢዩ ዮናስ ታሪክ እናገኘዋለን። ዮናስ ነነዌ እንደምትጠፋ ሰበከ፤ ሳትጠፋ በቀረች ጊዜም ቃሉ ስላልደረሰ አዘነና ተቈጣ። እግዚአብሔርም በአንዲት ቅል አሳብቦ፥ ለተክሉ ሲያዝን ለሕዝቡ አለማዘኑን አሳየው። እኛም በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን እንጾማለን። ይህ ጾም የምን መታሰቢያ እንደ ሆነ ልብ እንበል፤ ሳይደርስ የቀረ ጥፋት መታሰቢያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳትጠፋ የቀረችውን ከተማ ስታስብ ነቢዩን ሐሰተኛ አትለውም። እርግጥ ነነዌ የዳነችው በንስሓ ነው፤ ተራራው ግን በሌላ ምክንያት ሊጸና ይችላል። ቢሆንም የአስጠንቃቂው ክብር በጥፋቱ መድረስ እንደማይለካ ከዚሁ ይታወቃል። በእውነት ሰፍሮ፥ በእውነት የተናገረ ሰው፥ ተራራው ባይወርድ ደስ ሊለው ይገባል እንጂ ሊያፍር አይገባውም። ፈርቶ ዝም ያለ ግን የሰውን ነፍስ በገዛ ስሙ ክብር ለውጧል።

ነገር ግን ይህ ማለት በየደመናው ሁሉ መጮኽ ማለት አይደለም። ያለ ልክ የሚጮኽ ሰው የሕዝቡን ጆሮ ያደነቍራል፤ በእውነተኛው ቀን የሚሰማውን ያጣል። ስለዚህ ጠባቂው የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ ሊናገር፥ «ይወርዳል» እና «ሊወርድ ይችላል» የሚሉትን ቃላት ሳያቀላቅል ሊያስረዳ ይገባዋል።

በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች ምን እንዳገኙ ለማወቅ የሆንግ ኮንግን ከተማ እንመልከት፤ ዓመቱን በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን። ይህች ከተማ በተራራና በባሕር መካከል የተጨናነቀች ናት። በ1972 በሰኔ ወር ለቀናት ከጣለ ከባድ ዝናም በኋላ በአንድ ቀን በሁለት ሰፈር በደረሰ ናዳ ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ከሁለቱ በአንደኛው ሰፈር ሌላ ናዳ 18 ሰዎች ገደለ። በ1977 ተዳፋቱን የሚቈጣጠር ልዩ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ለሕዝቡ የናዳ ማስጠንቀቂያ ማስታወቅ ጀመሩ። ከ1984 ጀምሮ ለጊዜው ይሠሩበት የነበረው ልክ፥ ዝናሙ በ24 ሰዓት ከ175 ሚሊሜትር፥ ወይም በአንድ ሰዓት ከ70 ሚሊሜትር ይበልጣል ተብሎ ሲታሰብ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነበር። ከዚያ በኋላም ልኩን እያሻሻሉ፥ በሰው እጅ የተቈረጠውንና የተደለደለውን 60,000 ያህል ተዳፋት በመዝገብ ቈጥረው የደከመውን እያጠናከሩ ቈዩ። ማስጠንቀቂያ በተሰጠ ቍጥር ሁሉም ተዳፋት አይናድም፤ ሆኖም በናዳ የሚሞተው ሰው ቍጥር ከቀድሞው እጅግ ዝቅ ብሏል። ያ ልክ ለዚያ አገር አፈር የተሠራ ነውና ለእኛ ደጋ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ ሊወሰድ የሚገባው ትጋቱ ነው።

የሚሰማው ሰው ዕዳ ደግሞ ተነሥቶ መሄድ ነው። ሎጥ ለአማቾቹ የሰዶምን ጥፋት በነገራቸው ጊዜ የሚቀልድ መሰላቸው። ዛሬም የሚቀርበው ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ «አባቴ እዚሁ ኖሮ እዚሁ ሞተ» ይላል፤ ሌላው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ይተኛል። እግዚአብሔርስ ያውቃል፤ ግን ያወቀውን በምልክት ባሳየ ጊዜ ዐይንን ጨፍኖ መተኛት እምነት ነውን? ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር፥ መላእክትም እንዲቀበሉት በተናገረው ጊዜ ጌታችን ይህን አምላክን መፈታተን ብሎታል። ሊናድ ከደረሰ ተዳፋት ሥር እያወቁ መተኛትና ከጫፉ መዝለል በምን ይለያያሉ? በአንዱ ሰው ወደ ምድር ይወርዳል፤ በሌላው ምድር ወደ ሰው ትወርዳለች። የሚሸሽ ሰው ከእግዚአብሔር ፈቃድ አይሸሽም፤ ዮሴፍም ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ የሸሸው በታዘዘው መሠረት ነው።

ስለ ሁለተኛው ናዳ ደግሞ ልዩ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በጎፋ ለወንድማቸው ሲቈፍሩ የሞቱት ሰዎች ከፍቅር ሁሉ የሚበልጠውን ፍቅር፥ ነፍስን ስለ ወዳጅ አሳልፎ መስጠትን አሳይተዋል። ከዚህ ቀጥሎ የምንለው ለእነርሱ ወቀሳ አይደለም፤ ለሕያዋን ትምህርት ነው። አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ ከላይ የሚቀረው ጫፉ ደጋፊ የሌለው ገደል ነው፤ ውሃውም ከውስጡ ገና አልወጣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ያለው ሰዓት ከመጀመሪያው ያላነሰ አስፈሪ ነው። የሚያዝዙት ሰዎች ቈፋሪዎቹ ከመሰማራታቸው በፊት ተራራውን ብቻ የሚመለከት ሰው በደኅና ቦታ ሊያቆሙ፥ የሚሸሹበትንም መንገድ አስቀድመው ሊያሳዩ፥ ሕዝቡም ሁሉ በአንድ ጊዜ ከገደሉ ሥር እንዳይሰበሰብ ሊከለክሉ ይገባል። የእናትን ልቅሶ እየሰሙ «ጥቂት ቈዩ» ማለት እጅግ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ለማዳን የመጣውን ሰው መጠበቅም ራሱ የማዳን ሥራ ነው።

ሦስተኛው ዕዳ የማኅበሩ ሁሉ ዕዳ ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ ፲፩ አጋቦስ የሚባል ነቢይ ታላቅ ረኃብ እንደሚመጣ አስታወቀ። በአንጾኪያ የነበሩ ደቀ መዛሙርትም ይህን በሰሙ ጊዜ ተደንቀው ብቻ አልቀሩም፤ እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አዋጥቶ በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች ላኩ። ማስጠንቀቂያ የተፈጸመ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ድኻው በተዳፋት ሥር የሚኖረው አደጋውን ስለ ወደደ አይደለም፤ ሜዳው ቀድሞ ስለ ተያዘበት ነው። እንግዲህ «ሽሽ» ብለነው የሚያድርበት ቤት፥ የሚበላው እንጀራ፥ ለከብቱ በረት፥ ለትቶት ለሚሄደው እህል ዘበኛ ካላዘጋጀንለት፥ ሐዋርያው ያዕቆብ እንደ ወቀሰው ሰው ሆነናል፤ ያ ሰው የታረዘውንና የተራበውን በደኅና ሂድ ብሎ አሰናብቶ ምንም ያልሰጠው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በአምስት ዓመት ውስጥ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ ዐሳብ አቅርበው ነበር። ለዚህም አራት ነገር ያስፈልጋል ይባላል፤ አደጋውን ማወቅ፥ መከታተልና መተንበይ፥ ለሕዝብ ማስታወቅ፥ ከሰሙ በኋላ ለማድረግ አስቀድሞ መዘጋጀት። ከአራቱ የመጨረሻው የጐደለ እንደ ሆነ ሦስቱ ድምፅ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

የካህናት ድርሻስ ምንድር ነው? ዝናሙን የሚተነብየው የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ተዳፋቱንም የሚመረምሩት የጂኦሎጂ ሊቃውንት ናቸው። እኛ በእነርሱ ቦታ አንቆምም። ነገር ግን ቃሉ ከከተማ ተነሥቶ በተራራ ሥር ወዳለው ጎጆ የሚደርስበት የመጨረሻው መንገድ ብዙ ጊዜ በእኛ ደጅ ያልፋል። ሕዝቡ በሚተኛበት ሰዓት ለማሕሌትና ለኪዳን የሚነቁ ካህናት ናቸው፤ በመንደሩ ሁሉ የሚሰማ ደወል ያለው በቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከቀበሌው ጋራ ተማክሮ ከቅዳሴው ደወል የተለየ የአደጋ ደወል ቢወስን፥ ከክረምት በፊትም ሕዝቡን ቢያስተምር፥ የሚሸሸጉበትን ቦታ በዐዋቂ አስመርምሮ ቢያሳውቅ፥ አንድ ትጉህ ዲያቆንም የዝናም መለኪያውን በየማለዳው በአንድ ሰዓት እያየ ቢጽፍና ለሚመለከተው ቢያስታውቅ ሥራው ከአገልግሎቱ የወጣ አይሆንም። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ራሱ በተዳፋት ሥር ያለ እንደ ሆነ ግን ሰው እንዳይሰበሰብበት አስቀድሞ ይነገር።

በየዕድሩ ጡሩምባ የሚነፋ ሰው አለ። በማለዳ ድምፁን ስንሰማ ማን ሞተ ብለን እንጠይቃለን። ጡሩምባው ለሟች ክብር መነፋቱ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ለቀብር የሚጠራን ጡሩምባ እያለን፥ ከሞት በፊት የሚጠራን ከሌለ፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው በእኛ ደረሰ ማለት ነው። በጎፋ የፈሰሰው ዕንባ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው፤ ለመቅበር የሚሰበሰበው ያ ሁሉ ሕዝብ አስቀድሞ ለማሸሽ ስለ ምን አይሰበሰብም?

ስለዚህ የሚያይ ሰው አይፈር፤ የሚሰማ አይታክት፤ የተመቸው ደጁን ለሸሸው ይክፈት። ዘንድሮ ሸሽተን ተራራው ባይወርድ፥ በከንቱ ደከምን አንበል፤ ነነዌን እያሰብን እናመስግን። የዝናሙን ወራት ለበረከት፥ የምንሰማውንም ማስጠንቀቂያ ለመዳን ያድርግልን፤ በናዳ ያለቁትን ወገኖቻችንን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።